ሁለቴ የተቀረጸ እርቅ

ሰው የሠራውን ይዞ መጥቶ «እስቲ እይልኝ» ሲላችሁ እንድታዩለት የሚፈልግ ከመሰላችሁ፣ ገና ልጆች ናችሁ። የሚፈልገው «ይበል!» እንድትሉት ነው። አዲስ ቤት የሠራ ሰው ግድግዳውን በመዳፉ እየደበደበ ሲያስጎበኛችሁ፣ ምሰሶው ወደ ምሥራቅ ማዘንበሉን እንድትነግሩት አይደለም፤ ማዘንበሉንማ ከእናንተ በፊት ያውቃል፣ ከሥሩ የሚተኛው እሱ ነው። ብልህ እንግዳ ይገባል፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፣ «የምትኖርበት ያድርገው» ይላል፣ የቀረበለትን በልቶ ይወጣል። ሞኝ እንግዳ ምሰሶውን ይለካል።

እኔ ምሰሶ ለኪ ነኝ።

በሽታው የያዘኝ ቅኔ ቤት ነው። እዚያ ተማሪው ሲያምጥ የሰነበተበትን ቅኔ መምህሩ ፊት ቆሞ ያቀርባል፤ መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና አንዲት ቃል ጣል ያደርጋሉ፤ ቤቱ ይፈርሳል፤ ተማሪው አንገቱን ደፍቶ እንደገና ሊያምጥ ይመለሳል። የፈረሰ ቅኔ የሚጫነው ሰው ስለሌለ ማንም አይጎዳም። እኔ ቅኔውን ሳልጨርስ ነው የወጣሁት። ማፍረሱን ግን ጨርሻለሁ። ወሎ ደግሞ ደግ አገር ነው፤ ሻሽ የጠመጠመ ክርስቲያን ሲያይ «መሪጌታ» ይለዋል። እኔንም መሪጌታ ይሉኝ ነበር። መሪጌታ አይደለሁም። «አይደለሁም» ብዬ ግን አላውቅም።

ሰሞኑን አንድ ወጣት ብቻውን ታግሎ የሠራትን አጭር ፊልም ይዞ፣ «ጋሼ፣ አይተው አስተያየት ይስጡኝ» ብሎ መጥቶ ነበር። ዓይኔን ያመኛል ብዬ መለስኩት። ዓይኔ ደህና ነው፤ ማዶ ተራራ ላይ ያለች ፍየል ወንድ ትሁን ሴት እለያለሁ። ለምን እንደዋሸሁት ለእሱ አልነገርኩትም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው በጣልያን ጊዜ ነው። ያኔ ኮምቦልቻ፣ የአንድ የመናዊ ነጋዴ የቆዳ መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። ቆዳ ሲገባ እጽፋለሁ፣ ሲወጣ እጽፋለሁ፣ በመሐሉ አፍንጫዬን እይዛለሁ። የፊልም እውቀቴን ያገኘሁት ደሴ ላይ ጣልያኖቹ ከከፈቱት ሲኒማ ቤት ነው። ፊቱ ለእነሱ ነበር፤ እኛ ከኋላ፣ በእንጨት አግዳሚ ላይ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የፊተኞቹን ባርኔጣ ስለሆነ፣ ስለ ፊልም ለማሰብ ሰፊ ጊዜ አለው። እኔም አሰብኩ። ሳስብ ሳስብ አዋቂ ሆንኩ።

እንድሪስ የተባለ ሰው ነበር። ዕድሜው ወደ ሠላሳ የሚሆን፣ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ካሚዮን የሚጠግን፣ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ቅባት፣ ልቡ ግን ነጭ የሆነ ሰው። አንድ የመንገድ መሐንዲስ ጣልያን ወባ ይዞት ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ላስታመመው ለእንድሪስ አንዲት ትንሽ ፊልም ማንሻ ሣጥን ትቶለት ሄደ። ሣጥኗ እንደ ሰዓት ተጠምዝዛ ነው የምትሠራ፤ ሠላሳ እስኪቆጠር ቀጭ ቀጭ ትላለች፣ ከዚያ ትቆማለች፣ እንደገና ትጠመዘዛለች። የተነሳውን ጥቅል ሾፌሮች አስመራ ወስደው ያሳጥቡለታል። አብራት የተተወችው ማሳያዋ በእጅ የምትዞር ናት፤ መብራቷን የሚሰጣት የካሚዮን ባትሪ ነው። ድምፅ የሚባል ነገር የላትም። ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ምን እንዳሉ የሚያውቅ እነሱና ፈጣሪ ነው።

የመጀመሪያ ፊልሙ ካሚዮን ነበር። ወደ ደሴ ከሚወጣው መንገድ አንዱ ጠመዝማዛ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ካሚዮኑ ይመጣል፤ እንድሪስ ይደነግጣል፤ ካሚዮኑ ያልፋል፤ ፊልሙ ላይ የቀረው አቧራ ነው። ሁለተኛው ገበያ ነበር፣ ከወገብ በታች። ያ ሁሉ ሕዝብ እግር ብቻ ሆኖ ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ይጣላል። አህዮቹ ግን ሙሉ ናቸው።

«እንድሪስ፣ ሰው ራስ አለው» አልኩት በታላቅ ቁም ነገር።

«ወላሂ እውነትዎን ነው፣ መሪጌታ።»

ያንኑ ገበያ እንደገና አነሳው፤ ራስ መጣ። ከዚያ ወዲህ ያልኩትን ሁሉ ያደርግ ጀመር። ሰው ያላችሁትን ሁሉ ሲያደርግላችሁ፣ ያላችሁት ሁሉ ልክ ይመስላችኋል።

ሦስተኛው ፊልሙ የእርቅ ፊልም ነው። የዛሬው ወጌም የሦስተኛው ፊልም ወግ ነው።

እንድሪስ ሙሄ የሚባል አጎት ነበረው፤ የእናቱ ወንድም። ሙሄ የገራዶ ሰው ነው፤ የሚኖረው ግን ቢስቲማ ነበር፣ በሰው መሬት ላይ፣ በሰው በሬ። ምክንያቱ ደም ነው። ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ገራዶ ላይ በመስኖ ውሃ ተራ ምክንያት ጠብ ተነሣና የሙሄ ያጎት ልጅ የጎረቤታቸውን የይመርን ወንድም በዶማ መትቶ ገደለው። ገዳዩ ወደ ቆላ በረሃ ጠፍቶ በዚያው ቀረ። ገዳይ ሲጠፋ ደሙ የሚፈለገው ከቅርብ ዘመዱ ነው፤ ቅርቡ ሙሄ ሆነ። «እኔ የዚያን ቀን ቢስቲማ ገበያ ነበርኩ፣ አላየሁም፣ አልሰማሁም» እያለ ማለ፤ ቢምልም አገሩን ለቆ ሄደ። አሮጊት እናቱ እማማ ዘይነባ ገራዶ ቀሩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ልጃቸው ከጣሪያቸው ሥር አላደረም። አንድ ሰው ከደሴ ተነሥቶ ግማሽ ቀን ሳይሞላው የሚደርስባት ገራዶ፣ ለሙሄ ከመካ ትርቅ ነበር።

ወሎ ውስጥ ደም ሲፈስ መሐል የሚገባ፣ አባቱም አያቱም ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው «አበጋር» ይባላል። የዚያ አገር አበጋር ሼህ አወል ነበሩ። እንድሪስ ፊልሙን ሲያስብ አጎቱን አላሰበም። የጋራዥ ባልደረቦቹን ሁለቱን ጠበኛ፣ ሼሁን አስታራቂ አድርጎ ሊያነሳ ነበር ያሰበው። ሄዶ ነገራቸው።

«ሼሁ፣ ሁለት ሰዎች እንደተጣሉ ሆነው ይቀመጣሉ። እርስዎ ዱዓ አድርገው ያስታርቋቸዋል። እኔ አነሳለሁ።»

«ተጣልተዋል?»

«ኧረ አልተጣሉም። እንደተጣሉ ይሆናሉ እንጂ።»

«ታዲያ ምን ብዬ ዱዓ ላደርግ ነው? በጀሊሉ፣ በጌታዬ፣ ላሹፍ?»

«ድምፅ እኮ የለውም። ከንፈርዎን ብቻ ቢያንቀሳቅሱ…»

«አንተ ልጅ፣ ከንፈሬን ስንት ዓመት ሳንቀሳቅስ ኖሬያለሁ፣ በከንቱ ግን አንቀሳቅሼው አላውቅም። እኔ የተጣላ እንጂ የተዋደደ አላስታርቅም። ጠበኛ ካለህ አምጣ።»

እንድሪስ ጠበኛ ነበረው።

አሁን ልብ በሉልኝ። ይመር ለዘመዶቹ «ማን ይታረቀዋል፣ ለሲኒማ ነው እንጂ» አለ። ሙሄም ለዘመዶቹ «ማን ይለምነዋል፣ የእህቴ ልጅ ለሲኒማ ለምን ስላለኝ ነው» አለ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሁለቱም የቸገራቸው ይህ ነበር፤ ማንም ሳይሸነፍ የሚታረቁበት ሰበብ። ያ ሁሉ ሽማግሌ ጫማውን ጨርሶ ያላገኘውን ሰበብ አንዲት ቀጭ ቀጭ የምትል ሣጥን ይዛላቸው መጣች። ይህ የገባኝ ዛሬ ነው። ያኔ አዋቂ ነበርኩ።

እኔ በዚያ ቀን አልነበርኩም። እንድሪስ እንደነገረኝ፣ ሙሄ እንደ ደንቡ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ ወደ ይመር ሄደ። ይመር ሲመጣ ያየዋል። ሙሄ እግሩ ሥር እስኪደርስ መጠበቅ ነበረበት፤ አልጠበቀም። ሮጦ ሄዶ ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ በገዛ እጁ አነሳለት። ሼሁ ዱዓ አደረጉ። የነበረ ሁሉ «አሚን» አለ። ወሎ ውስጥ ዱዓ ላይ አሚን ያለ ሰው በአሥር ጣቱ ከፈረመ ሰው ይበልጥ ታስሯል። ለሲኒማ ነው የተባለው ነገር እዚያው ላይ እውነት ሆኖ ቁጭ አለ። ሙሄም ወደ ቢስቲማ አልተመለሰም። እናቱ ቤት ገባ።

ከአንድ ወር በኋላ ጥቅሉ ከአስመራ ታጥቦ መጣና እንድሪስ ወደ መጋዘኔ ይዞት በረረ። በሩን ዘጋን። በቀትር ጨለማ የሚገኝበት ቤት የእኛ መጋዘን ብቻ ነበር፤ ሽታውን የቻለ ሰው ማንኛውንም ፊልም ይችላል። በኖራ የተቀባው ግድግዳ ላይ አየነው።

መጥፎ ነበር። ዛሬም ቢሆን መጥፎ አልነበረም አልልም። የሼሁ ጥምጥም ተቆርጦ አገጫቸው ብቻ ነው ዱዓ የሚያደርገው። አንዲት ዶሮ ከቀኝ ገብታ፣ መሐል ቆማ አስባ፣ በግራ ትወጣለች። ድንጋዩ የሚነሳው ገና ድንጋይ መሆኑ ሳይታወቅ ነው። የሚያለቅሱበት ጊዜ ሲደርስ ሁለቱም ጀርባቸውን ሰጥተው ጋቢያቸው ውስጥ ይገባሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንድሪስ ራሱ አልቅሶ ሣጥኗን ስለዘነጋት፣ ጥቅሉ እስኪያልቅ የገዛ እግሩን አንስቷል።

ማሳያዋ ቆመች። እንድሪስ አየኝ። አስተያየቱ የቤት ባለቤት አስተያየት ነበር። ምነው «ይበል» ብዬ በወጣሁ!

«ጥሩ ነው» አልኩ። «ግን፣ እንድሪስ፣ እርቁ አይታመንም።»

«እንዴት አይታመንም?»

«ጠቡ የታለ? ጠብ ያልታየበት እርቅ ምን እርቅ ነው? አንድ ሰው ድንጋይ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ይቀበለዋል። ሸክም ያገዘው ነው የሚመስለው። እግሩ ሥር እስኪደርስ ይጠብቀው እንጂ።»

«መሪጌታ፣ እነሱ እኮ የእውነት ታርቀዋል። አጎቴ አገሩ ገብቷል።»

«መታረቃቸውን አንተ ታውቃለህ። ተመልካቹ በምን ይወቅ?»

ይህችን ቃል ስናገር በራሴ መደነቄን አልደብቃችሁም። ሁለት ጊዜ ደገምኳት። እንድሪስ የቅባት እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ አንድ ጥቅል እንደቀረው፣ ያለችው ያቺው ብቻ እንደሆነች፣ እንደገና አንስቶ ደሴ ፒያሳ ሊያሳያት እንደሚፈልግ ነገረኝ። ከዚያ ሼሁ ዘንድ ሄደ። የሆነውን ሲነግረኝ ፊቱ ቀልቶ ነበር።

«አልታረቁም እንዴ?» አሉ ሼሁ።

«ታርቀዋል።»

«እና?»

«አልታየም አሉ መሪጌታ።»

«ማነው ያላየው? ጀሊሉ አይቶታል። አንድ ዱዓ ሁለቴ አይደረግም። የበሰለ ሥጋ ወደ ድስቱ አይመለስም። ሂድ።»

አበጋር የሌለበት የእርቅ ፊልም ሊሆን ነው። እንድሪስ ተጨነቀ። እኔ አልተጨነቅኩም። እንደ ሼሁ አረንጓዴ ካባ ከተዋስኩ፣ ጥምጥሜን እንደሳቸው ካደረግኩ፣ ፊልሙ ድምፅ ከሌለው፣ አበጋር ለመሆን ምን ያንሰኛል? «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ይህን ተረት ከነታሪኩ ለሌሎች ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ።

በቀጠርነው ቀን ካሚዮን ላይ ተጭነን ደሴ ወጣን፣ ከዚያ ገራዶ። ሙሄንና ይመርን እማማ ዘይነባ ደጃፍ አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰው፣ ከአንድ እሥር ጫት እየቀነጠሱ አገኘናቸው። የዚያን ዕለት የሙሄን ፊት ብታዩት! ሰው ሰባት ዓመት ያጣውን አፈር ሲረግጥ ጫማ አይፈልግም፤ ባዶ እግሩን ነበር።

«ድንጋዩን እንደገና ልሸከመው ነው?» አለ ሙሄ። «ያኔ የተሸከምኩት የሚበቃኝ መስሎኝ ነበር እኮ።»

«አብሽር» አለው ይመር፣ «ቀለል ያለውን እመርጥልሃለሁ። ዘመድ ሆነን የለ!»

እማማ ዘይነባ ሳቁ። «ልጄን አደራ፣ ወገቡን ያመዋል» አሉኝ ወደኔ ዞረው። «እርስዎ ምሁር ነዎት፤ ብዙ አያጎንብሱት።» እኔም በአረንጓዴው ካባ ውስጥ ሆኜ፣ እንደ ትልቅ ሰው ራሴን ነቀነቅኩ።

መጀመሪያ ጠቡ ይነሳል አልኩ። ሁለቱን ፊት ለፊት አቆምኳቸው። እንድሪስ ሣጥኗን ጠመዘዘ።

«እሺ አንተ ሌባ» አለ ይመር ፈገግ እያለ።

«ሌባስ አንተ፣ ያን ሁሉ ጫት ማን ቃመው?»

«አቁም!» አልኩ። «ይህ ጠብ ነው? እንዲህማ ባልና ሚስትም አይጣሉም። ተመልካች ያያችኋል! ከሆዳችሁ አውጡት እንጂ!»

«ምን እንበል፣ መሪጌታ?» አለ ሙሄ፣ ግራ ገብቶት።

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። የእኔ ጥፋት ያለችው እዚህች ላይ ነች። ሼህ አወል ሲያስታርቁ አንድም ነገር አልጠየቁም ነበር። ማን ምን አደረገ፣ ማን የት ነበር፣ አላሉም። «ያለፈው ለአላህ፣ የሚመጣው ለእናንተ» ብለው ነው ዱዓቸውን የጀመሩት። ያልተጠየቀ ነገር አለ ማለት ነው፤ ሳይጠየቅም በአሚን ተሸፍኗል። እኔ ይህን አላወቅኩም። ያልተነካ ግልግል ያውቃል እንደሚባለው፣ እጄን አንሥቼ እንዲህ አልኩ፦

«የመጣላችሁን ተናገሩ! ምን ቸገራችሁ? ፊልሙ እንደሁ ጆሮ የለው!»

ሣጥኗ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረች። የይመር ፈገግታ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሄደ፤ ውሃ ከማሳ ላይ ሲሸሽ እንደምታዩት።

«ወንድሜ ሲጮህ» አለ፣ «አንተ የት ነበርክ?»

ሙሄ አፉን ከፈተ። ሰባት ዓመት የማለባት ቢስቲማ አፉ ላይ ነበረች። አላያት እንደሁ እንጃ፣ ሰልችታው እንደሁ እንጃ።

«ቤት ነበርኩ» አለ። «ሰምቼዋለሁ። በሩን ዘጋሁት።»

እኔም፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ በሙሉ ድምፄ «ይበል!» አልኩ።

ይበል ያልኩት ብቻዬን ነበር። ሣጥኗ ቀጭ ቀጭ ትል ነበር፤ ከዚያ እሷም ቆመች። እንድሪስ ከጀርባዋ ቀና ብሎ አጎቱን አየው። እማማ ዘይነባ በሩን ይዘው ቆመዋል፤ ያንኑ በር።

«ይመር» አለ ሙሄ፣ «የመጣላችሁን ተናገሩ ተባልን እኮ። ለፊልም ነው። ለፊልም ነው ያልኩት።»

«የቱን?» አለ ይመር።

«ምን?»

«ለፊልም ያልከው የቱን ነው? ቢስቲማ ነበርኩ ያልከውን ነው? ቤት ነበርኩ ያልከውን?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሙሄ በሩን መዝጋቱ እውነት ይሁን አይሁን እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት የእውነት ቢስቲማ ነበር፣ ምናልባት ያ ቀን ሲያሳድደው ኖሮ በሕልሙ በር ሲዘጋ የኖረ ሰው ነው። ይመርም አያውቅም። ጠቡ ያለማወቁ ነው። እንዲህ ዓይነት ጊዜ ሰው ሁሉ የሚዞረው ወደ አበጋሩ ነው፤ አበጋሩ እጁን ያነሳል፣ አንዲት ቃል ይላል፣ ቃሏ በሁለቱ መሐል እንደ ግድግዳ ትቆማለች። ደጃፉ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞረ።

እኔን አዩ።

አረንጓዴ ካባ፣ ያማረ ጥምጥም፣ ውስጡ የቆዳ መጋዘን ጸሐፊ። ስንት ግዕዝ የማውቅ ሰው፣ አንዲት ቃል አልመጣችልኝም። ብትመጣስ አሚን የሚል ማን ነበር? እጄን አነሳሁ፣ መልሼ አወረድኩት፤ ካባው ትንሽ ሰፍቶኝ ነበር፣ አስተካከልኩት። እንግዲህ በዚያች ሰዓት ያደረግኩት ነገር ካባ ማስተካከል ነው።

ያኔ ሙሄ ማንም ሳያዘው ድንጋዩን አነሳ። ቀላሉን አይደለም፤ ትልቁን። አንገቱ ላይ ጫነና አጎንብሶ፣ እየተንገዳገደ፣ ወደ ይመር ሄደ። እንድሪስ ምን እንደነካው እንጃ፣ ምናልባት እጁ ለምዶ፣ ሣጥኗን ጠምዝዞ አንስቶታል። በዚህ ጊዜ ይመር አልሮጠም። ሙሄ እግሩ ሥር እስኪደርስ ጠበቀ፣ ልክ እኔ እንዳልኩት። ሙሄ ደረሰ። ይመር እጁን ዘረጋ፤ ጣቶቹ ድንጋዩን ሊነኩት ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ መለሳቸው። ጋቢውን ከትከሻው ላይ አንሥቶ፣ የግማሹ ባለቤት ሙሄ ስለሆነ ይመስለኛል፣ መሬት ላይ አኑሮት ሄደ።

ድንጋዩን ያነሱለት እናቱ ናቸው። እንዴት እንደቻሉት አልገባኝም። ይህ ግን ፊልሙ ላይ የለም፤ ጥቅሉ አልቆ ነበር።

ይመር ጨዋ ሰው ነው። ሙሄ አገር ለቆ እንዲወጣ ሦስት ቀን ሰጠው። እንድሪስ በዚያችው ቀን ሼሁ ዘንድ እየሮጠ ሄደ፣ እኔም ካባዬን አውልቄ ተከተልኩት። ሼህ አወል አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሁሉንም ሰሙና መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«የእኔ ዱዓ ያልተባለውን ሸፍኖ ነበር» አሉ። «አሁን ተባለ። አንዴ የተባለን ነገር በምን ልሸፍነው?»

«እንደገና ቢሞክሩት፣ ሼሁ…» አልኩ።

«እንደገና!» አሉ። ዓይናቸው ያኔ ነው ወደኔ የዞረው። «ይህችን ‹እንደገና› የምትሏትን ነገር ከየት አመጣችኋት፣ መሪጌታ? እኛ አገር ሰው የሚሞተው አንዴ ነው፣ የሚታረቀውም አንዴ ነው።»

መሪጌታ ሲሉኝ የዚያን ቀን ብቻ «አይደለሁም» ልላቸው ፈልጌ ነበር። አላልኩም። ሙሄ በሦስተኛው ቀን አንድ አህያ ጭኖ ወደ ቢስቲማ ሄደ።

ማንም አልወቀሰኝም። ይህ ነው ነገሩን ያከበደው። እማማ ዘይነባ ሳልፍ ሲያዩኝ «ደህና ነዎት?» ይሉኛል፤ ይመር ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ይሰጠኛል። ምሰሶውን ለክቼ ቤቱን ሳፈርሰው፣ ባለቤቶቹ ፍርስራሹ ላይ ተቀምጠው «ኧረ ይግቡ፣ ይቀመጡ» የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባልላት ሴት ከኔ ትሻላለች፤ እሷ የጣለችው የራሷን ነው።

ፊልሙ ከአስመራ መጣ። እንድሪስ ሊያቃጥለው ነበር፤ ምን እንደያዘው እንጃ፣ ወይም ሰው ስለለመነው ነው፣ ደሴ ፒያሳ በአንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ በቀን፣ በሩን ዘግቶ አሳየው። ጭንቅንቅ ያለ ሰው ነበር። እኔም ከኋላ፣ እንደለመድኩት፣ ተቀመጥኩ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ግሩም ነበር። ሁሉም ሰው ራስ አለው፣ ፊት አለው። ዶሮ የለችም። ይመር «የት ነበርክ?» ሲል ከንፈሩ ይታያል፤ ሙሄ ሲመልስ ጉንጩ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ምን እንዳሉ የሚያውቅ እዚያ ቤት ውስጥ ከእኔና ከእንድሪስ በቀር የለም፤ ሰዉ ግን ትንፋሹን ዋጠ። የይመር ጣቶች ወደ ድንጋዩ ተዘርግተው ሲመለሱ አንዲት ሴት «ወየው!» ብላ ጮኸች። ሲያልቅ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። አጠገቤ የነበረ አንድ ሰው ዓይኑን እየጠረገ፣ «ወላሂ እውነተኛ እኮ ነው የሚመስለው! እነዚህን ተዋንያን ከየት አመጧቸው?» አለኝ። አበጋሩ ደግሞ እንዴት ያለ አስተዋይ ሰው ነው፣ በጭንቁ ሰዓት ዝም ማለቱ ልቤን ነካኝ አለ። እኔ መሆኔን አላወቀም። ያለ ካባው አልታወቅም ነበር።

ሰዉ ወጥቶ ሲያልቅ እንድሪስ ማሳያዋን እየፈታታ ነበር። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። አንድ ነገር መናገር እንዳለብኝ ተሰማኝ፤ ሌላ ነገር ግን አላውቅም፣ የማውቀው አስተያየት መስጠት ብቻ ነው።

«እንድሪስ» አልኩት፣ «ይህ ፊልም ምንም አልጎደለውም።»

ቀና ብሎ አላየኝም። የመብራቷን ሽቦ ከባትሪው ላይ ነቀለ፣ በቀስታ ጠቀለለው፣ ኪሱ ከተተው።

«አጎቴ ጎደለ፣ መሪጌታ» አለ።

ከቅኔ ቤት ጀምሮ ብዙ ሂስ ሰምቻለሁ፤ ብዙም ሰጥቻለሁ። ከዚህ ያጠረና ከዚህ የተስተካከለ አልሰማሁም። ልክ ነው አልኩት። ግን ምን ላድርግበት? ሂሱ ትክክል ሆኖ፣ ሥራው የማይታረም ሲሆን ምን እንደሚደረግ፣ መምህሬ አላስተማሩኝም፤ ወይም ለሌሎቹ አስተምረው ይሆናል፣ እኔ ከዚያ በፊት ወጥቼ ነው።